ጥሩ ዘፋኝ፣ ይያዝ

ጤና ይስጥልኝ። ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ ረድፍ ጊታር ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ተሰጥኦ መልማዮች ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ስካውት ስለምንላቸው፣ በሙዚቃ ኩባንያዎች ቤት ደግሞ ኤ ኤንድ አር ስለሚባሉት። ሥራቸው ሲነገር ቀላል ነው። ማንም ያላወቀውን ድምፅ ፈልጎ ያገኛል፣ ኩባንያው እንዲያስፈርመው ያሳምናል፣ ከዚያ ከዘፈን፣ ከፕሮዲውሰርና ከስቱዲዮ ጋር ያገናኘዋል። ሰው የሚያወራው ግን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። «ጆሮ አለው» ይባላል። ጆሮ ያለው ሰው ሞልቷል። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ሰምቶ ስለማይረሳ ሰው ነው።

በአንዲት ሴት ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ቦታው ሜምፊስ ነው፣ 1953። ሳም ፊሊፕስ የሚባል ሰው ትንሽ ስቱዲዮ አለው። 4 ዶላር ገደማ የከፈለ ሁሉ ገብቶ የራሱን ሸክላ ያስቀርጻል። አንድ የ18 ዓመት ልጅ መጣ። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ማሪየን ኪስከር ናት። «እንደ ማን ነው የምትዘፍነው?» አለችው። «እንደ ማንም» አላት። ቀረጸ፣ ሸክላውን ይዞ ሄደ። እሷ ስሙን ጻፈችና አጠገቡ ማስታወሻ ጨመረች፦ «ጥሩ የባላድ (ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን) ዘፋኝ። ይያዝ።»

ከዚያስ? ምንም። ልጁ በ1954 መጀመሪያ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ከፍሎ ቀረጸ። አሁንም ምንም። ማሪየን ግን ስሙን አልጣለችውም፤ ለፊሊፕስ ደጋግማ ታነሳበት ነበር። በዓመቱ አጋማሽ በመጨረሻ ተጠራ። የሰጡት ዘፈን አልሆን አለው። ሌላ ሰው ቢሆን «አመሰግናለሁ፣ እንደውላለን» ብሎ ይሸኘው ነበር። ፊሊፕስ ግን ከአንድ ጊታሪስትና ከአንድ ቤዚስት ጋር አገናኘው። ጁላይ 5 ማታ ስቱዲዮ ገቡ። ዘገምተኛ ዘፈን ሞከሩ፣ አልያዘላቸውም። ደከሙ፣ እረፍት ወጡ። በእረፍቱ ልጁ ለቀልድ ብሎ አንድ የቆየ ብሉዝ እየዘለለ መዝፈን ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ፊሊፕስ ከመቅረጫ ክፍሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲላቸው «እኛም አናውቅም» አሉት። «በሉ ከመጀመሪያው ድገሙት» አለ። ኤልቪስ ፕሪስሊ እንዲህ ነው የተገኘው። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ውሉ ለአርሲኤ ኩባንያ በ35,000 ዶላር ተሸጠ።

ታዲያ ኤልቪስን ማን አገኘው? ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ አልገባበትም። ያቺን «ይያዝ» የምትል ቃል ግን ዘወትር አስባታለሁ። በዚያን ዕለት የተሰማው ድምፅ ገና ኤልቪስ አልነበረም። ዓይን አፋር ልጅ ነበር። እሷ ያደረገችው ያልበሰለውን ሳትጥል ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደሚሳቅበት ሰው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1962፣ ለንደን፣ ዴካ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ። ከሊቨርፑል በበረዶ ሲጓዙ የመጡ አራት ልጆች 15 ዘፈን ቀረጹ። ዴካ አልፈልግም አለ። ለንደን አካባቢ የሚኖር ሌላ ባንድ መረጠ፤ ቅርብ ናቸው፣ ለሥራ ይመቻሉ ተብሎ። የተባረሩት ቢትልስ ናቸው። ለዚህ ስሙ የጠፋው የዴካ ኃላፊ ዲክ ሮው ነው። «የጊታር ባንድ ጊዜው አልፎበታል» ብሏል ይባላል፤ እሱ ግን አላልኩም ብሎ ነው የኖረው።

እኔ ግን ዲክ ሮውን እወደዋለሁ። ለምን በሉኝ። በ1963 ሊቨርፑል ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ውድድር ላይ ለዳኝነት ተጠራ። አብሮት የሚዳኘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን! ያባረረው ልጅ። ሌላው ሰው አፍሮ ወንበሩን ያርቅ ነበር። ሮው ግን አወራው። ሃሪሰንም አንድ ለንደን ውስጥ የሚጫወት ባንድ ጠቆመው። ሮው ጊዜ አላጠፋም፣ ሄዶ ሰማቸው፣ ዴካም አስፈረማቸው። ሮሊንግ ስቶንስ ናቸው። የተሳሳተ መልማይ ሞልቷል። ስህተቱን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ግን እንጃ።

ማስፈረም ደግሞ ሥራው ማለቁ አይደለም። የኮሎምቢያ ሙዚቃ ኩባንያ መልማይ ጆን ሃሞንድ በ1961 ቦብ ዲላንን አስፈረመ። የመጀመሪያው አልበም አልተሸጠም ማለት ይቻላል። ቢሮ ውስጥ ልጁን «የሃሞንድ ቂልነት» እያሉ ይቀልዱ ጀመር፤ ይሰናበት የሚሉም ነበሩ። ሃሞንድ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው አልበም በ1963 ወጣ፣ ቀልዱም ቆመ።

ይሄው ሃሞንድ ዘፋኟን አሪታ ፍራንክሊንንም በ1960 ያመጣት ነው። እዚህ ላይ ግን ጆሮው ብቻውን አልበቃም። ኮሎምቢያ ለዓመታት ይዟት ምን እንደሚያዘፍናት ግራ ገባው። ውሏ ሲያልቅ አትላንቲክ የሚባል ሌላ ኩባንያ ወሰዳት። የአትላንቲኩ ፕሮዲውሰር ጄሪ ዌክስለር በ1967 መጀመሪያ አላባማ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ወሰዳትና ፒያኖው ጋ አስቀመጣት። በቃ፣ ይሄው ነው ያደረገው። ለራሷ አጅባ እንድትዘፍን ተዋት። ለስድስት ዓመት የጠፋው ነገር ወንበሩ ላይ ነበር!

ስለ ገንዘብ ሳላነሳ ብወርድ ልጆቹ ይታዘቡኛል። ራልፍ ፒር የሚባል መልማይ በ1927 ቴነሲና ቨርጂኒያ የሚዋሰኑባት ብሪስቶል ከተማ መቅረጫውን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ሰው አልጎረፈም። ከዚያ የከተማው ጋዜጣ አንድ ዘፋኝ ባለፈው ዓመት 3,600 ዶላር አገኘ ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ባንጆና ቫዮሊን የያዘ ሁሉ ከየተራራው ወረደ። የካንትሪ ሙዚቃ ታላላቆቹ ጂሚ ሮጀርስና የካርተር ቤተሰብ እዚያ ነው የተገኙት። ፒር ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ለጊዜው ደህና ብር ነው። እሱ ራሱ ግን ከኩባንያው ደመወዝ አልጠየቀም። የጠየቀው የዘፈኖቹን የሕትመት መብት፣ ማለትም ዘፈኑ በተሸጠ ቁጥር ገንዘብ የሚያስገኘውን መብት ነው። ምን ያህል ብልጥ እንደነበረ አሰላስሉት።

የጃዝ ባንድ መሪው የካውንት ቤዚ ታሪክ ደግሞ ያናድዳል። ሃሞንድ በ1936 ቺካጎ መኪናው ውስጥ ሆኖ ባንዱን በራዲዮ ሰማ። አበደ። በየመጽሔቱ አወራ። ወሬውን የሰማ የዴካ ሰው ቀድሞት ካንሳስ ሲቲ ደረሰ። ቤዚ ደስ ብሎት ፈረመ፦ 24 ዘፈን፣ 750 ዶላር፣ ሮያሊቲ የሚባል፣ ከሽያጩ የሚደርስ ድርሻ ማለት ነው፣ የለም። ሃሞንድ ወረቀቱን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። መልማይ አፉን መቼ መዝጋት እንዳለበትም ማወቅ አለበት።

ስለዚህ እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ሦስት ደቂቃ ስጡኝ። «ኮከብ አደርግሃለሁ» ብሎ መጀመሪያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው መልማይ አይደለም። መልማይን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ቅድሚያ ክፍያ ሲሰጣችሁም ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሮያሊቲያችሁ ላይ ተመልሶ ይቆረጣል። ውሉን ለሚገባው ሰው ሳታሳዩ አትፈርሙ። የቸኮለ መልማይ ካለ ለምን እንደቸኮለ ጠይቁት።

አሁን ቁጥር መጥቷል። ስንት ሰው አዳመጠ፣ ስንት ሰው በሠላሳኛው ሰከንድ ዘለለው፣ ሁሉም ስክሪን ላይ አለ። አልጠላውም፣ እኔም በየጠዋቱ አየዋለሁ። ችግሩ ቁጥሩ የሚነግረኝ ሌላው ሰው የወደደውን ነው። ቁጥሩ እኔ ጋ ሲደርስ አሥር ኩባንያ ጋም ደርሷል። ያኔ ጨረታ እንጂ ምልመላ የለም። አይናፋሩ የ1953 ልጅ ምን ቁጥር ነበረው? የራሱ ሁለት ሸክላዎች።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ንጹህ ሰው እንዳልመስላችሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ ሰጠችኝ። ዘፈኑ ረጅም መግቢያ ነበረው። ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሃምሳ ነገር ተከምሯል። ድምፅዋ ሳይመጣ ዘጋሁት። ከጊዜ በኋላ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ራዲዮ ላይ አንድ ሙዚቃ ጀመረ። መግቢያውን ወዲያው አወቅኩት፤ የማውቀውም እሱን ብቻ ነበር። ሹፌሩን «ድምፁን ጨምርልኝ» አልኩት፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ዛሬ ዴሞ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጋ ነኝ። መግቢያው ቢረዝምም ግድ የለም።