ገዳዩን ደረሳችሁበት?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ድምፅ ዝናብ ነው። የምቀዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ስለሆነ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ብዙም ሳይቆይ ስለተቋረጠ አንድ የመርማሪ ድራማ ነው። «ኤለሪ ኩዊን» ይባላል። በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሳምንታዊ ሆኖ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 1967 ነው። እነሱ ጋ ተራ ሐሙስ፣ እኛ ጋ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከሙከራው ፊልም ውጭ 22 ክፍል ሄደና ቀረ።

ታሪኩ ኒውዮርክ ነው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት። አባት የፖሊስ ኢንስፔክተር ነው። ልጅየው ኤለሪ ደግሞ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ፤ ረጅም፣ ዝንጉ፣ ደግ ፊት ያለው። ጂም ሃተን ነው የሚጫወተው። ሲጀምር ተራኪው ሟቹን ያሳያችኋል። ይህ ሰው ሊሞት ነው፣ ማን ይሆን የሚገድለው ይልና ተጠርጣሪዎቹን ይደረድራል። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ኤለሪ ድንገት ይበራለትና ወደ ካሜራው ይዞራል። እኔ ደርሼበታለሁ፣ እናንተስ?

ይሄ ነገር ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ኤለሪ ኩዊን የሁለት ዘመዳሞች የብዕር ስምም ነው፤ የፍሬድሪክ ዳኔይና የማንፍሬድ ሊ። እ.ኤ.አ. በ1929 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ እንኳ መልሱ ከመነገሩ በፊት አንባቢውን «እስቲ ሞክር» የሚል ቦታ አለ።

እኔ ድራማውን ያገኘሁት በጓደኛዬ ፍላሽ ነው። ላፕቶፔ ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ከነቀላችሁት ያበቃለታል። አንድ ማታ አከራዬ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እየተረጎምኩላቸው አየን። ቶናው ላይ ኤለሪ ዞረ። ጠየቀን። ድርግም! መብራት ሄደ።

ሻማ ተለኮሰ። የከሰሉ ፍም ፊታቸውን ከስር ያበራዋል። «በል ንገረኝ፣ ማነው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። «እንዴት አታውቅም? ሁሉንም አሳይቶሃል እኮ!» ከዚያ እሳቸው ጀመሩ። ያ ወፍራሙ አይደለም፤ ወፍራሙ ቀድሞ ተናዷል፣ የተናደደ ሰው አይደብቅም። ያቺ ሴትዮ ግን ሬሳው ሲገኝ መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። በሩን! እኔ ንግግር ስተረጉም እሳቸው ዓይን ሲያዩ አምሽተዋል። በረካውን እስክንጨርስ ተከራከርን።

የትኛው ክፍል እንደሆነ አልነግራችሁም፣ እንዳላበላሽባችሁ።

ለምን ቶሎ ተቋረጠ ካላችሁኝ፣ የእኔ ግምት ይሄው ጥያቄ ነው። የሠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ «ኮሎምቦ» የሚባለውን የመርማሪ ድራማ የፈጠሩት ናቸው። «ኮሎምቦ» ላይ ገዳዩን ገና ሲጀምር ታዩታላችሁ። ከዚያ ዘና ብሎ መመልከት ነው። እዚህ ግን ውኃ ልጠጣ ብላችሁ ከተነሳችሁ ፍንጭ አመለጣችሁ። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ፈተና ይፈልጋል? እነዚሁ ሰዎች ከፒተር ፊሸር ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 «መርደር ሺ ሮት»ን ጀመሩ። እዚያም መርማሪዋ ደራሲ ናት፤ ግን ዞራ አትፈትናችሁም። ድራማው 12 ዓመት ሄደ። ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። እኔን ግን አንድም ቀን አላከራከረኝም።

ጂም ሃተን እ.ኤ.አ. በ1979 በ45 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ቲሞቲ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦስካር ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ እሱም በተራው የመርማሪ ድራማ ላይ ተጫወተ፣ «ኔሮ ዎልፍ» ላይ። እሱም ሁለት ዓመት አልፎ አልሄደም። የቤተሰብ ዕጣ ነው መሰለኝ!

ወደ እትዬ ልመለስ። መብራቱ የመጣው ሌሊት ነው። ሰዓቱን አትጠይቁኝ፣ ተነስቼ ጨረስኩት። ጠዋት ግቢ ውስጥ ስንገናኝ አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሱ። «አትንገረኝ!»

ማታ ቡናው ቀርቦ ጠበቀኝ። በርጩማቸውን ወደ ላፕቶፑ ሳብ አደረጉት። ካቆምንበት ልቀጥል ስል፣ «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ከሚጠይቅበት ጀምርልኝ።»

ጀመርኩላቸው። ኤለሪ ዞረ፣ ጠየቀ። እትዬ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ደቀኑ፣ «ሴትዮዋ ናት፣ በሩን ያየችው!»