ፕላኑ ሲቀየር ሱቁ ምን ይሆናል?

[ምስል፦ ዋና መንገድ ዳር ያለ ቪላ፤ የፊት አጥሩ ፈርሶ አራት ሱቅ ወጥቶበታል]

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ግቢ ያላየ ሰው የለም። ቪላው ከኋላ፣ ፊት ለፊት ፀጉር ቤት፣ ሞባይል ጥገና፣ ጀበና ቡና፣ ፋርማሲ። የይዞታ ካርታው ላይ አገልግሎቱ «መኖሪያ» ይላል፤ የሚሰበሰበው ኪራይ ግን የንግድ ነው። የከተማ ፕላን ሲሻሻል ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር ለማየት ከዚህ ግቢ የተሻለ ቦታ የለም።

በአዋጅ 574/2000 መሠረት ከተማ የሚመራው በመዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ዕድሜው 10 ዓመት። ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፣ ቢሮ ውስጥ «ኤልዲፒ» የሚሉት። አንደኛው ሠፈሩ የመኖሪያ ይሁን ወይስ ቅይጥ (መኖሪያም ንግድም) ይላል፤ ሁለተኛው ወደ ዝርዝሩ ይወርዳል፤ መንገዱ የት ድረስ እንደሚሰፋ፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚሆን።

[ምስል፦ የመሬት አጠቃቀም ካርታ፤ አንድ ሠፈር ቀለሙ ይለወጣል]

ሠፈሩ ከመኖሪያ ወደ ቅይጥ አገልግሎት ዞረ እንበል። ባለቤቱ የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቃል፤ የግቢው ዋጋም በአንድ ጊዜ ይወጣል። የከተማ መሬት በአዋጅ 47/1967 ከተወረሰ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ግን አሮጌ ጭቃ ቤት በሚሊዮኖች የሚገዛ ሰው ለጭቃው ብሎ እንዳልሆነ ደላላውም ገዢውም ያውቃሉ።

ችግሩ ፎቁ ላይ ነው። ፕላኑ እዚያ መንገድ ላይ ከጂ ፕላስ ሰባት በታች አይፈቅድም ቢባል፣ ጡረተኛው ባለቤት ብሩን ከየት ያመጣል? ወይ ይሸጣል፣ ወይ ከአልሚ ጋር ተስማምቶ ቦታውን ሰጥቶ ፎቅ ይካፈላል። ሁለቱም መንገድ አራቱን ሱቆች በማፍረስ ይጀምራል።

[ምስል፦ የፀጉር ቤቱ ውስጥ፤ መስታወት፣ ካስክ፣ አዲስ ሴራሚክ]

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፀጉር ሠሪዋ ስትገባ ለቀድሞው ተከራይ «ቁልፍ» ከፍላለች፤ ሱቁን እንዲለቅላት የሰጠችው ገንዘብ ማለት ነው። ውኃ በራሷ ወጪ አስገብታለች፣ ወለሉን ሴራሚክ አስነጥፋለች። ውሏ የአንድ ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው፤ የሱቅ ኪራይ አይነካም። ስለዚህ እሷን የሚጠብቃት ውሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ ውሉ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፕላን አንዲት መስመር የለችም። ቁልፍ የከፈለችበትማ ደረሰኝ እንኳ የላትም።

«አዲሱ ሕንፃ ላይ ትመለሳለች» የሚል አይጠፋም። ስንተኛ ፎቅ ላይ? ግራውንዱን ባንክ ይይዘዋል። አራተኛ ፎቅ፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በሚቆም ሕንፃ፣ ለሹሩባ ብሎ የሚወጣ ደንበኛ ጥቂት ነው። ፕላኑ የንግድ ቦታውን በካሬ ብዙ እጥፍ ያበዛል፤ የመንገድ ፊት ግን ያው የድሮው ርዝመት ነው። የትንሽ ሱቅ ኑሮ ደግሞ የመንገድ ፊት ነው።

[ምስል፦ የተስፋፋ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር]

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህንኑ በፍጥነት አሳይቶናል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ያገኘ ካፌ ማታ ማታ ወንበር አይበቃውም። የብረታ ብረት ሱቅ ግን አይሱዙ አቁሞ የሚያወርድበት ካጣ፣ መንገዱ ማማሩ ምንም አይጠቅመው። በከንቲባ አርከበ ዘመን ለወጣቶች የተሠሩት፣ እስከ ዛሬ «አርከበ ሱቅ» የምንላቸው ደግሞ ከነጭራሹ በጊዜያዊ ቦታ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ተከራይ ምን ያድርግ? ቁልፍ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱን «ካርታህን ይዘህ ክፍለ ከተማ ሄደህ የፕላን መረጃ አውጣልኝ» ይበል። ቅር የሚለው ባለቤት ካለ፣ ቅሬታው ራሱ መረጃ ነው። ውሉ ላይም ቦታው ለልማት ቢፈለግ ቅድሚያ ክፍያው እንዴት እንደሚመለስ፣ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ይጻፍ።

[ምስል፦ የወረዳ አዳራሽ፣ የስብሰባ ወንበሮች]

የአሁኑ የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የታሰበው እስከ 2019 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ረቂቅ መምጣቱ አይቀርም። ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ውይይቱ ላይ ባለይዞታው ካርታውን ይዞ ይመጣል፤ ተከራይ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መምጣት ስለማይፈልግ ይቀራል። ግማሽ ቀን መዝጋት ያዋጣል።