ትንሽ ዞር ይበሉልኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እሺ። ዛሬ ስለ እቁብ ላወራ ነበር ቃል የገባሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት።

የማወራው ወሎ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ፎቶዎቹን ስለጥፍ «ወሎ እንዲህ ናት እንዴ!» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አዎ፣ እንዲህ ናት። ግን… ከፎቶዎቹ ስለ አንዱ ነው ማውራት የፈለግሁት።

ወንድሜ ከነጓደኛው መጥቶ ነበር። ሚኒባስ ሞልቶ ሳለ ኮንትራት መኪና መያዜን ስትሰማ አክስቴ ምን እንዳለች መገመት አያቅታችሁም፤ አክስቴን ታውቋታላችሁ። እኔ ግን መንገዱን ተረጋግተው እንዲያዩት ፈለግሁ። ሰው ስጠይቅ ከአንድ አዛውንት ሹፌር ጋር አገናኙኝ። ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ ልበላቸው።

እንግዶቹን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልንና የሐረጎን ዳገት መውጣት ጀመርን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል። ታች ያወለቃችሁትን ሹራብ ላይ ስትደርሱ ትፈልጉታላችሁ። ጋሼ ኩርባ በደረሱ ቁጥር ክላክስ ያደርጋሉ። ከፊት ተሳቢ ካለ ተከትለው ነው የሚሄዱት። ወንድሜ «ጋሼ፣ ይለፉት እንጂ» ሲላቸው፣ «አብሽር፣ ጦሳ የትም አይሄድም» አሉት። ደሴ ገብተን የጦሳን ተራራ ከነጉሙ ሲያየው ወንድሜ ራሱ ደገማት። አሁን ስልክ በደወለ ቁጥር «ጦሳ አለ?» ይለኛል።

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ እኔ አስጎብኚ ሆንኩ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ነው፣ ምኒልክም ነበሩ፣ ምናምን። ጋሼ በመስታወት አየት አደረጉኝ። ምንም አላሉም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ መታዘዙን እኔ አላነሳሁም። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ያዩኝ ለዚያ ይሁን ወይ ከኋላ የሚመጣ መኪና ኖሮ… አላውቅም። ያኔ ልብም አላልኩትም። አሁን ነው ሁሉንም ነገር መልሼ የማየው።

እና ሐይቅ ደረስን። ሐይቁም ሐይቅ ነው የሚባለው፣ ከተማውም ሐይቅ። ስሙን በልጅነቴ ስሰማ በዓለም ላይ ሌላ ሐይቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንቸርካ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ እዚያው ይቀራል።

ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳም ገቡ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አይገባም። ስለዚህ እኔ ውጭ ቀረሁ፣ ጋሼም አብረውኝ ቀሩ።

እሳቸው ውኃው ዳር ወርደው ውዱእ አደረጉ። ዙህር ሰገዱ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር። ለእናንተ ነው የምቀርጸው። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ጋራው አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ውኃው ጸጥ ብሏል።

ቪዲዮው 52 ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ወፍ ይሰማል። ከዚያ የጋሼ ድምፅ። «ልጄ፣ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» እኔ «አላውቅም» እላለሁ። ድምፄ ላይ ቸኮል ማለት አለ። እሳቸው «ይሄ ማዶው ይታያል። ባሕር ማዶ የለውም» ይላሉ። ከዚያ በደርግ ጊዜ በኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው አሰብ ወደብ ይመላለሱ እንደነበር ይናገራሉ። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ በረሃውን ይዞ ወደ ታች። ቀን ጎማው ስለሚግል ሌሊት ነው የምንነዳው ይላሉ። ባሕሩ ሳይታይ ጨው ጨው ይሸታል ይላሉ። እያወሩ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄዱ። ካሜራው ውስጥ ገቡ፣ በግራ በኩል፣ ትከሻቸውና ኮፍያቸው።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አንድ ሌሊት ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ያ ልጅ…»

እና የእኔ ድምፅ። «ጋሼ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።»

በቃ። «እሺ ልጄ» አሉ። ዞር አሉ። ቀሪው 20 ሰከንድ ሐይቅ ብቻ ነው። በጣም ያምራል። ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁት ፎቶ ከዚያው የተወሰደ ነው።

(ዝምታ)

በትህትና ነው ያልኩት። «ይበሉልኝ» ነው ያልኩት። ደጋግሜ የማዳምጠው እሱን ነው፤ ትህትናው ውስጥ ምን እንዳለ። ሥራዬ ሰው ማናገር ነው። እዚህ ተቀምጬ ስንት ጊዜ «ሽማግሌዎቻችንን እንስማ» ብያለሁ! ከልቤ ነው ያልኩትም።

ስለ ሐይቁ የሚነገረውን ተረት ታስታውሳላችሁ አይደል? አንዲት እርጉዝ ሴት ልዕልት በደለቻት፤ እግዜር ተቆጥቶ አገሩን ውኃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ፣ ገዳሙ ያለበት። አሁን ይሄን ለምን አመጣሁት… እኔ ልዕልት ነኝ እያልኩ አይደለም። እንጃ። ያን ቀን ለእንግዶቹ ይህንኑ ተረት ነግሬያቸዋለሁ። ጋሼም ይሰሙ ነበር።

ከዚያ ከተማ ገብተን ዓሣ በላን። ቆሮሶ፣ ጥብስ። ያን የመሰለ ዓሣ፣ ሚጥሚጣው፣ ሎሚው… ጋሼ አብረውን በሉ። የወንድሜ ጓደኛ እሾህ ሲቸግረው እሳቸው በጣታቸው እየለቀሙ ያቀብሉት ነበር። ሳቅን፣ ተጫወትን። ያኔ «ጋሼ፣ ያ ልጅ ያሉት ምን ሆነ?» ማለት እችል ነበር። ትዝ አላለኝም። እውነቴን ነው፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ማታ ቪዲዮውን ስቆርጥ ነው የሰማሁት።

ደሴ ሲያወርዱን ከተስማማነው ጨመር አድርጌ ሰጠኋቸው። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱ። «አብሽሪ፣ በሰላም ግቡ።»

አሁን አሰብ ሲባል ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ሻይ ቤት ስገባ እሰማለሁ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ግን ስለ ወደብ አልነበረም የሚያወሩት። ስለ አንድ ልጅ ነበር። ማን ይሁን? አብሯቸው የሚሠራ ረዳት? ወንድማቸው? መንገድ ላይ ያሳፈሩት ሰው? ቁልቁለት ሲሉ ሐሳቤ ወዲያው ፍሬን ላይ ይሄዳል። ሐረጎ ላይ በዚያ ጥንቃቄ የሚነዱት… ወይ ደግሞ የሚያስቅ ታሪክ ይሆናል። የሚያስቅም ሊሆን ይችላል እኮ።

ስልካቸው አለኝ። ሁለት ሳምንት ሆነው። አንዴ ደወልኩና ሳያነሱት ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? እንደገና ኮንትራት የምፈልግ ይመስላቸዋል። አክስቴ «ቡና ጥሪያቸው» አለችኝ። ምናልባት ከጁምዓ በኋላ… ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተጠርቶ ያወራዋል? ያን ጊዜ ውኃው ነበር ያስጀመራቸው።

ድምፁን አላሰማችሁም። አላስፈቀድኳቸውም። ግን «ያ ልጅ» ካሉ በኋላ ትንፋሽ ይስባሉ፤ የእኔ ድምፅ ሳይገባ በፊት፣ በጣም አጭር ነው። ያን ትንፋሽ ነው… ቆይ። ቆይ እስኪ፣ አንዴ ልክፈተው…