የግብዓት ዝርዝሩን እናንብብ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከልውጠ ሕያው ሰብሎች፣ ማለትም ዘረመላቸው በቤተ ሙከራ ከተለወጠ ሰብሎች፣ የተገኘ ምግብ ላለመግዛት የወሰነ ሸማች ብዙ ጊዜ የሚጠራጠረው በመደርደሪያ ላይ የተደረደረውን ቲማቲምና ካሮት ነው። ዛሬ አደራ የምላችሁ ግን ትኩረታችሁን በታሸጉ ምግቦች ላይ በደቃቅ ፊደል ወደሚጻፈው የግብዓት ዝርዝር እንድታዞሩ ነው።

በስፋት የሚመረቱት ልውጠ ሕያው ሰብሎች ጥቂት ናቸው፤ ዋናዎቹ አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና የዘይት ሰብል የሆነው ካኖላ ሲሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ ስኳር የሚወጣበት ሹገር ቢትም ይጨመራል። ከትኩስ ምርቶች መካከል ፓፓያና ጥቂት የፖምና የድንች ዝርያዎች በአንዳንድ አገሮች ቢገኙም፣ አብዛኛው አትክልትና ፍራፍሬ ግን ከዚህ ውጭ ነው። በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ በ8 የሚጀምር ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ልውጠ ሕያውነትን ያመለክታል የሚለውን ምክርም አትመኑበት፤ ቁጥሩ ለዚህ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ነጋዴዎች በተግባር አልተጠቀሙበትም።

ችግሩ ሰብሎቹ ወደ ቤታችን የሚገቡት በሌላ ስም መሆኑ ነው። አኩሪ አተር ሌሲቲን (ስብና ውሃን የሚያዋሕድ ግብዓት) ተብሎ በቸኮሌት ውስጥ፣ በቆሎ ደግሞ ስታርች፣ ማልቶዴክስትሪንና ዴክስትሮስ (ከስታርች የሚሠሩ ዱቄትና ስኳር) እየተባለ በሾርባ ዱቄት፣ በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይገኛል፤ የጥጥ ፍሬና የካኖላ ዘይትም «የአትክልት ዘይት» በሚል የወል ስም ሊሸፈኑ ይችላሉ። የሰብሉን ምንጭ በግልጽ የሚናገር ምርት ከማይናገረው ይልቅ ሊመረጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሕጎችን ልዩነት ማወቅም ይጠቅማል። በአውሮፓ ኅብረት በአንድ ግብዓት ውስጥ ሳይታሰብ የተቀላቀለው የልውጠ ሕያው መጠን ከ0.9 በመቶ ካለፈ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ የተጣራ ዘይትም ከዚህ ነፃ አይደለም። በአሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው ደንብ ግን ሳይታሰብ የተቀላቀለ እስከ 5 በመቶ ያለ ምልክት ይፈቅዳል፤ የተለወጠው ዘረመል በምርመራ የማይገኝባቸውን የተጣሩ ምግቦችም የግዴታ ምልክት አይጠይቃቸውም። ስለዚህ በዚያ አገር የምልክት አለመኖር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በገበያ ላይ ያሉት ልውጠ ሕያው ምግቦች የደኅንነት ግምገማ ያለፉና በጤና ላይ አደጋ ያስከትላሉ ተብለው የማይጠበቁ መሆናቸውን ገልጿል፤ ይህንን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ይሁን እንጂ በፀረ አረም ኬሚካል አጠቃቀም ወይም በዘር ባለቤትነት ጉዳይ የተነሳ ሌላ የአስተራረስ ዘዴ መደገፍ የሚፈልግ ሰው የሚገዛውን የማወቅ መብት አለው፤ የምቆረቆረውም ለዚህ መብት ነው።

በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካም የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ልውጠ ሕያዋንን ይከለክላል፤ ክልከላው ለእንስሳት መኖም ይሠራል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም በአውሮፓ እንኳ ልውጠ ሕያው መኖ ከበሉ እንስሳት የተገኘ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ይህንን እንዲገልጽ አይገደድም። ማረጋገጫ በሌለበት ጊዜ ለአምራቹ ጻፉለት፤ ሌሲቲኑና ስታርቹ ከየትኛው ሰብል እንደመጡ፣ እንስሳቱም ምን እንደሚመገቡ ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።