ብረት ልመናው፦ ስለ ኪም ኩምሁዋ

ሄለን፦ የዛሬዋ ባለታሪካችን ኮሪያዊቷ ሻማን፣ ማለትም ከመናፍስት ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት የሚመሩት ኪም ኩምሁዋ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሁዋንግሄ ውስጥ ተወለዱ፤ አሁን ሰሜን ኮሪያ ነው።

ዳዊት፦ በኮሪያ ጦርነት ወደ ደቡብ የሸሹት?

ሄለን፦ አዎ፣ ኢንቾን ገቡ። ጦርነቱን ስታነሳ ወንድ አያቴ ትዝ አሉኝ። ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ዘምተዋል።

ዳዊት፦ እንዴ! ነግረሽኝ አታውቂም።

ሄለን፦ ኮሪያ ሰፈር ነው እኮ ያደግኩት። ስለ ተኩሱ ትንፍሽ አይሉም። ስለ ብርዱ ግን! የኮዳው ውኃ ድንጋይ ሲሆን። እኛ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ውስጥ እንገባለን። ደግሞ ስለ ልጆቹ። ዘማቾቹ እኮ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሰብስበው አሳድገዋል።

ዳዊት፦ ወይ ጉድ። በዚያ ብርድ?

ሄለን፦ በዚያ ብርድ! የራሳቸውን ምግብ እያካፈሉ ነበር ይሉናል።

ዳዊት፦ ኪምስ?

ሄለን፦ መጣሁ። ያኔ ኮሪያን የሚገዙት ጃፓኖች ልጃገረዶችን ይወስዱ ስለነበር ገና በልጅነታቸው ተዳሩ። አማት አሠቃየቻቸው፤ ጥለው ወጡ። ሕመምም ነበረባቸው። ሴት አያታቸው ራሳቸው ሻማን ነበሩና የመንፈስ ጥሪ ነው ብለው በ17 ዓመታቸው ሻማን የሚያደርገውን ሥርዓት ፈጸሙላቸው።

ዳዊት፦ እኔ የረሃብና የዱላ ሕመም ነው የምለው።

ሄለን፦ ይሆናል። ግን ሲቀበሉት ለምን ተሻላቸው? እኛም ጋ ዛር…

ዳዊት፦ ዛር ራሱን የቻለ ክፍል ነው፣ አታስጀምሪኝ!

ሄለን፦ እሺ፣ ብረቱን ስማ። ኪም ለሥርዓቱ ቤት ለቤት ዞረው ብረታ ብረት ለመኑ። ያረጀ ማንኪያ፣ የነሐስ ሳህን። ያ ቀልጦ ደወል ይሆናል። አስበው! ያን ደወል ሲያንቃጭሉ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ አለ። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው።

ዳዊት፦ በተሳለ ብረት ስለት ላይ በባዶ እግር መቆማቸውስ?

ሄለን፦ አዎ፣ የከብት ድርቆሽ መቁረጫ ስለት ላይ። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው። እኔን የያዘኝ ብረት ልመናው ነው።

ዳዊት፦ መንግሥትስ ዝም አላቸው?

ሄለን፦ የት! በ1970ዎቹ መንግሥት ገጠሩን ለማዘመን ባካሄደው የአዲስ መንደር ዘመቻ ሻማን ሁሉ አጉል እምነት ተብሎ ሲሳደድ እሳቸውንም ፖሊስ ያሯሩጣቸው ነበር። በ1985 ደግሞ ለዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሚያደርጉት ሥርዓት የአገር ቅርስ ጠባቂ ተባሉ። በ2019 እስኪያርፉ ድረስ ተከበሩ።

ዳዊት፦ ይገባቸዋል። ሕመሙ ግን የረሃብ ነው።

ሄለን፦ የዛሩ ክፍል ላይ እንጨርሰዋለን። ብቻ ብረቱን…

ዳዊት፦ ሰማሁሽ፣ ብረቱን!