ቃሬዛውን የተከተለች ጋዜጠኛ

ውድ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ማታ የምናየው ፊልም ከፊሊፒንስ ነው። ርዕሱ «አምቡላንሲያንግ ዴ ፓአ» ይባላል፤ በእግር የሚሄድ አምቡላንስ ማለት ነው። ከመጀመሩ በፊት ስለ ሠራችው ሴት ላውራችሁ።

ካራ ዴቪድ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የተወለደችው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያደገችው መጽሐፍና ክርክር በማይጠፋበት ቤት ነው። አያቷ ሬናቶ ኮንስታንቲኖ ስመ ጥር የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። አባቷ ራንዲ ዴቪድ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ናቸው፤ በቴሌቪዥን ውይይት ሲመሩ አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። እናቷ ካሪና ደግሞ የትግል ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፤ ኋላ የአገሪቱን ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን መርተዋል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ ስቱዲዮ ቁጭ ብላ ብትተነትን ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ጭቃውን መረጠች።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂኤምኤ የሚባለው ቴሌቪዥን ጣቢያ ገባች። የጀመረችው ከታች ነው። ስሟ የተሰማው «አይ-ዊትነስ» በተባለው የዘጋቢ ፊልም ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከ1999 ጀምሮ አለ። ለብዙ ዓመታት የተላለፈው ግን ሰው ሊተኛ ሲል፣ በውድቅት ሌሊት ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። የድሃ ታሪክ ለምን ሁሌ ማምሻው ላይ ይሆናል?

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ሚንዶሮ የምትባል ደሴት አለች። ከማኒላ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፤ ባታንጋስ ወደብ ወርዶ መርከብ መያዝ ነው። ተራራዎቿ ላይ ማንግያን የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። ስምንት ጎሳዎች ናቸው። ወደ ብዙ መንደሮቻቸው መኪና አይገባም። ስለዚህ ሰው ሲታመም ወንዶቹ ጨርቅ ያመጣሉ። ጨርቁን ረጅም እንጨት ላይ ግራና ቀኝ ያስራሉ። በሽተኛውን እዚያ ውስጥ ያስተኛሉ። ከዚያ እንጨቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገድ ይጀምራሉ። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ወንዝ። ለሰዓታት።

እኛ ቃሬዛ እንለዋለን። ገጠር ያደጋችሁ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ካራ አብራ ተጓዘች። ሌላ መንገድም የላትም። ሁሌም አሠራሯ እንዲህ ነው። የሰው ሥራ ስትዘግብ ራሷ ትሞክረዋለች። ሸክሙን ትሸከማለች፣ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ሲያቅታት ካሜራው ፊት ያቅታታል። አንዳንድ ባለሙያ ይሄን ለታይታ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። ሰውየው በየቀኑ የሚሸከመው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ተመልካቹ የሚገባው የጋዜጠኛዋ ጉልበት ሲብረከረክ ነው።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ወጣት ካሜራማን ሳለሁ ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ አንዲት እናት ቀረጽን። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። የመጀመሪያው ቀረጻ ብርሃኑ አላማረንም። «እናቴ፣ እስቲ ይመለሱና እንደገና ይምጡ» አልናቸው። ተመለሱ። ሦስት ጊዜ አመላለስናቸው። ከመካከላችን አንድም ሰው ጀሪካኑን ልያዝልዎት አላለም። ስንጨርስ ገመዱን ከትከሻቸው ላይ እያወረዱ፣ «ልጄ፣ ይሄን የሚያዩት ሰዎች ምን ያደርጉልናል?» አሉኝ። ትሪፖዱን ማጠፍ ቀጠልኩ። ገመዱ ትከሻቸው ላይ ያወጣው ሰንበር እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ። ፊልማችን ውስጥ ግን የለም።

ካራ ለዚህ ጥያቄ የራሷን መልስ ፈልጋለች። በ2002 «ፕሮጀክት ማላሳኪት» የሚባል በጎ አድራጎት ጀመረች። ማላሳኪት በቋንቋቸው የሰውን ጉዳይ እንደ ራስ ጉዳይ ይዞ መቆርቆር ነው። ድርጅቱ ድሃ ልጆችን ያስተምራል፤ በፊልሞቿ ላይ ያየናቸውም አሉበት። መምህሮቻችሁ ከምትዘግቡት ሰው ርቀት ጠብቁ ይሏችኋል። ልክ ናቸው። ገንዘብ ከገባ ሰው እውነቱን ትቶ እናንተ የምትፈልጉትን ሊነግራችሁ ይችላል። ግን ርቀት መጠበቅና ጥሎ መሄድ አንድ አይደሉም። ፊልሙ ከታየ በኋላ የተረጂውን ልጅ ደብተር መግዛት ዘገባውን አያበላሸውም። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ ክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።

ፊልሙ በ2010 የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። በብሮድካስት ጋዜጠኝነት ትልቅ ክብር ነው፤ የተሰጠውም ኒውዮርክ ላይ ነው። ካራ መድረክ ላይ ከመውጣቷ ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ግን በአገሯ ሌላ ነገር ሆኗል። ኅዳር ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2009፣ ማጊንዳናኦ ይባል በነበረ ክፍለ ሀገር የታጠቁ ሰዎች 58 ሰው ገደሉ። ከእነሱ 32ቱ ጋዜጠኞችና የሚዲያ ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ በአካባቢው ጋዜጣና ሬዲዮ የሚሠሩ ናቸው። የአንድ እጩ ቤተሰብ የምርጫ ምዝገባ ወረቀት ሊያስገባ ሲሄድ ለመዘገብ አብረው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ስለ ካራ ሽልማት ስናገር እነሱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በአንድ አገር፣ በአንድ ሙያ፣ በአንድ ዘመን ነው የሆነው።

ካራ ዛሬም ትሠራለች፤ ጋዜጠኝነትም ታስተምራለች።

በሉ ልልቀቃችሁ። ፊልሙ ሲጀምር የተሸካሚዎቹን እግር እዩልኝ። ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ወንዝ ውስጥ መርገጫ እንዴት እንደሚፈልግ። ካሜራማኑም እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ አትርሱ። ጥያቄ ያላችሁ ከፊልሙ በኋላ እዚሁ ነኝ። እባካችሁ መብራቱን አጥፉልን።