«ኢሲጂው ደህና ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ደረቴን ምን ነካው?»

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደወሉ አድማጮች ስለ ልብ ምርመራ ጠይቀው፣ የልብ ሐኪሙ የሰጡት መልስ።

ጥያቄ (ባጃጅ አሽከርካሪ፣ ባሕር ዳር)፦ ልቤ ድንገት ድው ድው ይልና ከደቂቃዎች በኋላ ይተወኛል። ኢሲጂ ተነስቼ ደህና ነው አሉኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማሽኑን አትማው ወንድሜ። ኢሲጂ የሚመዘግበው አልጋው ላይ በተኛህባት ሰዓት ያለውን 10 ሰከንድ ያህል የልብ ምት ነው። ማታ የተረበሸውን ልብ የጠዋት ወረቀት ከየት አምጥቶ ይናገራል? ለአንተ የሚሆነው ሆልተር የሚባለው፣ የልብ ምትን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ደረትህ ላይ ተለጥፎ 24 ወይም 48 ሰዓት አብሮህ ይውላል፣ ያድራል። ልብህ ድው ድው ሲል ሰዓቱንና ምን ስትሠራ እንደነበር ጻፍ። መሣሪያው ውኃ አይወድም፤ ዋናውም ጸበሉም እስኪነቀል ይቆይ። ድው ድው ማለቱ ራስህን ካሳተህ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ (እናት፣ ከዘጌ)፦ የ12 ዓመት ልጄ ጉሮሮዋን ታማ ከዳነች በኋላ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቀ አበጠ። ጤና ጣቢያው ኢኮ ትነሳ ብሎ ወደ ባሕር ዳር ጽፎልኛል። ጨረሩ አይጎዳትም? በባዶ ሆዷ ላምጣት?

መልስ፦ ኢኮ ጨረር የለውም እናቴ። ልብን በምስል የሚያሳየን በድምፅ ሞገድ ነው፤ ነፍሰ ጡር እንኳ ትነሳዋለች። ቁርሷን በልታ ትምጣ። ደረቷ ላይ ጄል ተቀብቶላት በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ጤና ጣቢያው ደግ አድርጓል። አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ አብሮ ሊመታ ይችላል። የጉልበቱ እብጠት ይሄዳል፤ የልቡ በር ግን ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የምንለው ይህን ነው። ኢኮ በሩ ጠቦ እንደሆነ፣ ሲዘጋም ደም ወደ ኋላ ያፈስ እንደሆነ ያሳየናል።

አንድ አደራ አለኝ። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ከታዘዘላት፣ ኢኮው ደህና ቢልም እንኳ በራስዎ አያቋርጡ። መርፌው የሚጠብቃት ከሚመጣው ነው፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይጎዳል። ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው ልጁ ስትሮጥ ሲያይ ነው።

ጥያቄ (የ58 ዓመት አባት)፦ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል። ኢሲጂም ኢኮም ደህና ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው። ሲደክሙ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ጭምቀት የልብ ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። ተኝተው የተነሱት ምርመራ ይህን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎን ስለ ስትሬስ ቴስት ይጠይቁ፦ በመሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳሉ፣ በተለመደው አሠራር በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱና ዳገቱ ይጨምራል፣ ኢሲጂና ግፊትዎ እየታየ። ከዚያ በፊት ለ3 ሰዓት ያህል ከባድ ምግብ አይብሉ፣ የዕለቱ ቡናም ይቅርብዎ። የሚወስዱትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ አያቁሙ። ጭምቀቱ በዕረፍት ላይ ከመጣ ወይም አልለቅ ካለ ቀጠሮ የለም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ (የ31 ዓመት ወጣት፣ ከወረታ)፦ ምንም አያመኝም፤ ሁሉንም በአንዴ ብመረመርስ?

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ፣ ኮሌስትሮልህንም ታይ። ምልክት የሌለው ሰው ምርመራ ሲያበዛ በማይረባ ግኝት መጨነቅ ይተርፈዋል። ከዚህ በፊት የተነሳኸው ኢሲጂ ካለ ግን አስቀምጠው፤ አንድ ቀን ብትታመም ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል።